የዋሪስ ቀኝ እጅ

ሃምሳ አለቃ ተክለማርያም በጅጅጋ ከተማ አርባ አምስት ዓመት ሲኖሩ፣ በማዕረጋቸው ከሚያውቃቸው ሰው ይልቅ በእጃቸው የሚያውቃቸው ይበዛ ነበር። በሰፈሩ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ፣ በር ጣቱን ሲቆነጥጠው ወይም ፍም ሲረግጥ እናቶች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እሳቸው ደጅ ነው። በወጣትነታቸው ሐኪም በማይደርስበት በረሃ የወታደር ቁስል ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ የያዙትን ሥራ ትተው የማይነሡበት ጊዜ አልነበረም። ዋጋም አይጠይቁም። ምርቃት ብቻ ይበቃቸዋል፤ ምርቃቱንም ይወዱታል።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ቀን ጠዋት፣ ደምበል የሚኖር አሰፋ የሚባል የድሮ የጦር ጓደኛቸው ሚስቱ ሞታበት ለቅሶ ለመድረስ መናኸሪያ ወረዱ። የደምበል መኪና ሳይሞላ አይነሣም። ገና ግማሹ ባዶ ስለነበረ፣ ሃምሳ አለቃም ከመኪናው ጥላ ሥር ቆመው ሲጠባበቁ ከኋላቸው የሴት ድምፅ ሰሙ።

«አዴር ተክለማርያም! እርስዎ ነዎት?»

በሶማልኛ «አዴር» ማለት አጎት ማለት ነው፤ በዚያ ሰፈር ያሉ ልጆች ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጠሯቸው። ዞር ሲሉ ነስራን አዩ። ነስራ ከዓመታት በፊት አጥር ለአጥር ትጎራበታቸው የነበረችው የካውሰር ታናሽ እህት ናት። ያን ጊዜ ከእህቷ ጋር እየኖረች የነርስነት ትምህርት ትማር ነበር፤ አሁን ተመርቃ ከደምበል ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ ትሠራለች።

«ልጄ ነስራ! እንዴት ከረምሽ? ካውሰር ደኅና ናት? ልጆቹስ? ከሄዳችሁ ወዲህ እኮ ያ ግቢ ጭር አለ።»

«ሁሉም ደኅና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ደምበል ነው የሚኖሩት። እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለች ነስራ። አንገቷን ጎንበስ አድርጋ እጃቸውን ጨበጠች፤ ነገር ግን እንደ ድሮዋ አልሳቀችም። ሃምሳ አለቃ ግን ይህን ልብ አላሉትም።

ይህን እያወሩ ሳሉ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ በአንድ እጇ ፌስታል በሌላው ጀሪካን ይዛ ወደ መኪናው ስትወጣ፣ የሦስት ዓመት ግድም ሴት ልጅዋ ከኋላዋ እግሯ ዳጠና ከመረገጫው ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ፤ ደም ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ በቅልጥሟ ወረደ። እናትዮዋ ዕቃውን ታስቀምጥ ወይስ ሕፃኑን ትያዝ፣ ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች።

«ሹፌር! ጨርቅ በናፍጣ ነክረህ አቀብለኝ፤ ቶሎ!» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።

«አይሆንም፣ አዴር» አለች ነስራ። በቀስታ ነው ያለችው፤ ግን በመካከላቸው ገብታ ቆመች። ከቦርሳዋ የታሸገ ውሃና ሳሙና አውጥታ እጇን ታጠበች፤ ከዚያም ውሃውን በጉልበቱ ላይ እያንቆረቆረች አሸዋውን አስወገደች። በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋ ይዛ ጥቂት ቆየች። ደሙ ቆመ። ለእናትዮዋ በሶማልኛ፣ ልጅቱ ክትባቷን ጨርሳ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ አለመጨረሷን ስትሰማም ቁስሉ አፈር የነካው ነውና እንደ ደረሰች ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስዳት አጥብቃ ነገረቻት።

ሃምሳ አለቃ ናፍጣ የነካውን ጨርቅ እንደያዙ ቀሩ። በሰው ፊት እንዲህ ተከልክለው አያውቁም።

«ነስራ፣ የተማረ ሰው አከብራለሁ» አሉ መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ። «ነገር ግን እኔ በናፍጣ ያዳንኩት ወታደር አንድ መኪና ይሞላል።»

«የዳኑትን እርስዎ ያውቃሉ፣ አዴር። ወደ ሌላ ምድብ ከተላኩት ውስጥ የስንቱን መጨረሻ ያውቃሉ?»

«በረሃ ላይ ምን ምርጫ ነበረን?»

«እሱ እውነት ነው። በረሃ ላይ ናፍጣ እንጂ ውሃ አልነበራችሁም። እዚህ ግን ውሃው በእጄ ነበር። የችግር ጊዜን መላ ለደኅና ጊዜ ለምን እናወርሰዋለን?»

ሃምሳ አለቃ ፈገግ አሉ። ክርክር የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። «እሺ፣ የእናቶቹንስ ኑሮ አስቢው። አንዷ አራት ልጅ አላት፤ ሁለቱን ትምህርት ቤት፣ አንዱን ዱግሲ ቁርአን እንዲቀራ ትሸኛለች፣ ሱቅ ትከፍታለች፣ ባሏ መንገድ ላይ ነው። ልጅዋ እጁን ሲያቃጥለው ክሊኒክ ወስዳ ግማሽ ቀን ትሰለፍ? እኔ በአምስት ደቂቃ ጨርሼ እሸኛታለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?»

«ጥሩ ተረት ነው፤ ግን ቅጠሉ ራሱ የሚያቃጥል ከሆነስ? ለትንሽ ቃጠሎ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሃያ ደቂቃ ማፍሰስ።»

«ሃያ ደቂቃ!» ሃምሳ አለቃ ከት ብለው ሳቁ። «በጅጅጋ? ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት አገር?»

«ከሥር ሳፋ ያድርጉ። የወረደውን መልሰው ያፍሱት፤ ሲሞቅ ይቀይሩት። ሲያበቃም ለወለል ማጠቢያ ይሆናል። ሃያው ደቂቃ ደግሞ እናትየዋ ልጅዋን አቅፋ የምትቀመጥበት ነው። ጊዜ የለንም እንላለን፣ አዴር፤ ያን ሃያ ደቂቃ የሰሰትን ሰዎች በኋላ ስንት ወር እንደምንከፍል እኔ አይቻለሁ።»

«በጥርስ ሳሙናና በቡና ዱቄት ስንቱን አቀዝቅዣለሁ! ሩቅ ምን አስኬደሽ? የገዛ እህትሽን ልጅ ዋሪስን ማን አዳናት? የሻሂ ፔርሙዝ እጇ ላይ የተገለበጠ ዕለት ካውሰር እያለቀሰች የመጣችው ወደ ማን ነው?»

ነስራ አልመለሰችም። መኪናው ከከተማው ወጥቶ ኮረኮንቹን ጀምሮ ነበር። በመስኮት ወደ ሜዳው እያየች ብዙ ቆየች። ሃምሳ አለቃም የረቱ መስሏቸው ዝም አሉ።

ለካ ሰው ሲረታም ሲታዘንለትም ፊት ለፊቱ ያለው ዝምታ አንድ ዓይነት ነው።

«አዴር» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳታዞር። «የዋሪስ እጅ አልዳነም።»

«ምን አልሽ?»

«ጣቶቿ አይዘረጉም። አራቱ ተጣብቀው እንደ ተጨበጡ ቀርተዋል። ቀኝ እጇ ነው።»

ሃምሳ አለቃ ያን ዕለት እንደ ትናንት ያስታውሱታል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ካውሰር ቁርስ ታቀርባለች፣ ትልቁ ልጅ ጫማው ጠፍቶበት ይጮኻል፣ ሱቋ ደጃፍ ዕቃ የጫነ ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል። በዚያ ግርግር መካከል የአራት ዓመቷ ዋሪስ ሻሂ ልትቀዳ ፔርሙዙን ሳበችው። ሃምሳ አለቃ ተጠርተው ገቡ፤ እጇን የጥርስ ሳሙና ቀቡት፣ ቡና ነሰነሱበት፣ እንዳታንቀሳቅሰው አስጨብጠው በአንሶላ ቅዳጅ ጥብቅ አድርገው ጠቀለሉት። «ንፋስ እንዳይመታው፣ ሰባት ቀን እንዳትፈቺው» ብለው አዘዙ። ካውሰር እጃቸውን ስማ ወደ ሱቋ ሮጠች። በአምስተኛው ቀን እሳቸው የልጃቸውን ሰርግ ሊደግሱ ድሬዳዋ ሄደው ሁለት ወር ቆዩ፤ ሲመለሱ የነካውሰር ቤት በሌላ ተከራይ ተይዟል። ጎረቤቱን ሲጠይቁ «ደኅና ናት» አሏቸው። እሳቸውም አመኑ።

«ማንም አልነገረኝም» አሉ።

«ማን ይንገርዎ? እርስዎን የሚያህል ሽማግሌ፣ ደግ ሰው፣ ከጎረቤት ሮጦ የደረሰ! ካውሰር ‹ሰው በደግነቱ አይወቀስም› አለች። እርስዎ መጥተው እንዲፈቱት ስትጠብቅ ቆይታ፣ በዘጠነኛው ቀን ሽታው ሲያስቸግራት ነው ክሊኒክ ወስዳ ያስፈታችው። መግል ይዞ ነበር። ቁስሉ ቢድንም ቆዳው ከቆዳ ጋር ተያይዞ ደረቀ። ሲጀመር እኮ ትንሽ ቃጠሎ ነበረች፣ አዴር። በውሃ ቀዝቅዛ፣ ጣቶቿ አንድ በአንድ ተለያይተው በንጹሕ ፋሻ ቢሸፈኑና ቁስሉ በየጊዜው ቢታይ፣ በሁለት ሳምንት ምልክቷም ባልታወቀ።»

«አንቺስ? ትማሪ አልነበረም እንዴ?»

ነስራ አሁን ዞራ አየቻቸው፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«በሦስተኛው ቀን እጇ አብጦ አየሁት። ካውሰርን ‹እንፍታው› አልኳት፤ ‹ሃምሳ አለቃ ሰባት ቀን ብለዋል› አለችኝ። እርስዎን ላማክር እስከ በርዎ መጣሁ። ከሰዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። ‹ተማሪ ነኝ፤ ሽማግሌ በሰው ፊት ባርም ምን ይሉኛል?› ብዬ ከደጅ ተመለስኩ። እርስዎ ያጠፉት ባለማወቅ ነው፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ በመኪናው ፊት የከለከልኩዎት ደፍሬዎት አይደለም፤ ሁለተኛ ከደጅ ላለመመለስ ነው።»

በዚህ አገር ብዙ ሰው የሞተበትን በሽታ ስም ያውቃል፤ ይሉኝታ ግን በሞት መዝገብ ላይ ተጽፎ አይታይም። ባለሙያው ሽማግሌውን እንዳያስቀይም፣ እናትየዋ ባለውለታዋን እንዳታስከፋ፣ ጎረቤቱም መጥፎ ወሬ ነጋሪ እንዳይባል ሁሉም በየፊናው ጨዋ ሆነ። የጨዋነቱን ዕዳ ግን አንዲት ሕፃን በጣቶቿ ተሸከመች።

ደምበል ደርሰው ሲለያዩ ሃምሳ አለቃ «ነገ ጠዋት እነካውሰር ቤት አድርሺኝ» አሏት። ነስራ «ይቅርብዎ፣ አዴር፤ ያዝናሉ» ብትላቸው «እሷ ይዛው የምትውለውን እጅ እኔ ማየት ከከበደኝ ምኑን ሰው ሆንኩ?» ሲሉ መለሱላት።

በማግሥቱ፣ ለቅሶውን ደርሰው ካደሩበት ከአሰፋ ቤት ወጥተው፣ አንድ ፓኮ ብስኩት ገዝተው ከነስራ ጋር ሄዱ። ካውሰር በሩን ስትከፍት ፊቷ በደስታ በራ። «አዴር! እንኳን ደኅና መጡ! ምን እግር ጣለዎት?» እያለች ፍራሽ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ትራስ አደላደለችላቸው። ያ ደስታዋ ከስድብ ይልቅ ወጋቸው። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ባሏ ዐብዲዐዚዝም አይሻ ከተማ ጭነት አድርሶ ዕረፍት ላይ ነበርና፣ ተነሥቶ በአክብሮት ተቀበላቸው።

ዋሪስ ከጓዳ ብቅ አለች። ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሻሿን እስከ ክርኗ ለቃው ቀኝ እጇን ከሥሩ ሸሽጋለች። ሃምሳ አለቃ ብስኩቱን ዘረጉላት። ልጅቱም ግራ እጇን ሰነዘረች።

«በቀኝሽ ተቀበይ!» አለች ካውሰር፣ እናት ሁሉ እንደሚለው፣ በልማድ። ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች።

ዋሪስ እናቷንና እንግዳውን አየች፤ ከዚያም ቀኝ እጇን ከሻሹ ሥር አውጥታ በተጨበጡት ጣቶቿና በአውራ ጣቷ መካከል ፓኮውን ሰካች። ቆዳው አብረቅራቂና የተጨማደደ ነበር። ፓኮው ሾልኮ ወደቀ። በግራዋ አነሣችውና ሮጣ ወጣች።

«ዱግሲው ውስጥ ልጆች ይስቁባታል» አለ ዐብዲዐዚዝ፣ ወለሉን እያየ። «የቁርአን መምህሯ፣ መዓሊሙ፣ ደግ ሰው ነው፤ በግራዋ እንድትጽፍ ፈቅዶላታል። በግራ ስትበላ ያየ እንግዳ ሁሉ ግን ይቆጣታል፤ እሷም ከሰው ጋር መብላት ትታለች። ድሬዳዋ ለሐኪም አሳይተናታል፤ ይቀደዳል፣ ይስተካከላል ብለዋል፤ ቀጠሮው ሩቅ ነው፣ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስም ነግረውናል።» ከዚያም ወደ ሚስቱ ሳያይ ጨመረ፤ «ያ ሁሉ የሆነው ሱቁ ከልጅዋ በልጦባት ነው።»

ካውሰር ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የሰማች መሆኗ ከአቀማመጧ ይታወቅ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ከፍራሹ ተነሥተው ቆሙ።

«ዐብዲዐዚዝ፣ ስማኝ። ሚስትህ ልጅዋን ይዛ ወደ እኔ ሮጣለች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የማይቀባ ቀባሁ፣ የማይታሰር አሰርኩ፣ ‹አትፍቺው› ብዬም አዘዝኩ። እሷ ያዘዝኳትን ፈጸመች። ወቀሳው የእኔ ነው።»

«አዴር፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለች ካውሰር። «የአላህ ውሳኔ ነው።»

«አይደለም፣ ልጄ! የእኔን ጥፋት በፈጣሪ አታላክኪልኝ። በእኔም እምነት በእናንተም እምነት ፈጣሪ ሰባት ቀን አትፍቺው አላለም።»

«ሁለት ዓመት» አለ ዐብዲዐዚዝ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ እሷን ነው የተናገርኳት።» ይህን ብሎ ጫማውን አድርጎ ወደ ውጭ ወጣ። ሚስቱን ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ሽማግሌውንም አልተቆጣም። የመኪናውን በር ሲዘጋ ብቻ ተሰማ።

ካውሰር እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሃምሳ አለቃን ቀና ብላ አየቻቸው። «ይህን ቃል ያኔ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ቢያንስ ሁለት ዓመት በሰላም በተኛሁ። አሁንስ ምን ያደርግልኛል?»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ሃምሳ አለቃ ከደምበል ሲመለሱ ነስራን ሥራዋ ላይ አግኝተው፣ ተማሪ መምህሩ ፊት እንደሚቀመጥ ተቀመጡ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሏት። እሷም ነገረቻቸው፤ ለቃጠሎ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቡና እንደማይደረግበት፤ እብጠት ሳይጀምር አምባርና ቀለበት እንደሚወልቅ፤ ውሃ የቋጠረው እንደማይፈርጥ፤ በንጹሕ ጨርቅ ላላ ተደርጎ እንደሚሸፈን። «ቃጠሎው ፊት፣ እጅ፣ እግር ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትዩት፤ ሐኪም ይየው» አለቻቸው።

«ለእናቶቹስ ምን ልበል? ጊዜ የለንም ሲሉኝ?»

«ጊዜ እንደሌላቸው እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ሥራውን ለእናት ብቻ አይተዉት። አባትም ይማር፣ ትልቋ ልጅም ትማር፣ ጎረቤትም ይማር። ፔርሙዙ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር።»

በሚያዝያ ወር አንድ ጠዋት፣ የሰፈሩ አዲስ ነዋሪ የመንግሥት ሠራተኛዋ ሄርሜላ የሁለት ዓመት ልጅዋን ታቅፋ እየጮኸች የሃምሳ አለቃን በር አንኳኳች። ሕፃኗ የገንፎ ድስት ገልብጣ እግሯ ተቃጥሏል። ሄርሜላ ሥራ ረፍዶባታል፤ ጎረቤቶቿም «ሃምሳ አለቃ ፈዋሽ ናቸው» ብለዋታል።

ሃምሳ አለቃ ሳፋና ጀሪካን አመጡ። ሕፃኗ እያለቀሰች፣ እናትዮዋ ሰዓቷን እያየች፣ እሳቸው ግን በጣሳ እየቀዱ ያፈሳሉ፤ ከሳፋው መልሰው ይቀዳሉ፣ ውሃውን ይቀይራሉ፣ እንደገና ያፈሳሉ። እጃቸው እስኪዝል አላቆሙም።

«አባባ፣ የሚቀባ መድኃኒት የለዎትም?» አለች ሄርሜላ በተሰላቸ ድምፅ።

«መድኃኒቱ ይኸው ነው፣ ልጄ። ቀጥሎ ደግሞ ወደ ክሊኒክ ነው የምትሄጂው።»

«ለዚህማ ለምን መጣሁ? ውሃ እኔም ቤት አለ!»

«አዎ፣ አለ። ለዚህ ወደ እኔ መምጣት አልነበረብሽም። ያኔውኑ ቤትሽ ብታፈሺው ይሻል ነበር። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ማንም ሰው ፈዋሽ ነኝ ቢልሽም ልጅሽን አትስጪው። ለአለቃሽ ደውዪ። አንድ ቀን ብትቀሪ ይቆጡሻል፤ ይህ እግር ቢበላሽ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ታነክሳለች።»

እግሩን በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ሸፍነው፣ ባጃጅ ጠርተው ሸኟት። ሄርሜላ አኩርፋ ነበር የሄደችው። ክሊኒኩ ግን ቃጠሎው በጊዜ መቀዝቀዙ ጉዳቱን እንዳቀለለው ነግሮ፣ ቅባት ሰጥቶ፣ ፋሻውን በየሁለት ቀኑ እየቀየረላት፣ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሕፃኗ በሁለቱም እግሯ ቆመች። እናትዮዋ ከሥራ የቀረችው ሁለት ቀን ነው። ሕመሙ አልከፋም፣ መግል አልያዘም፣ ቤተሰቡም እርስ በርሱ አልተወቃቀሰም። የሃያ ደቂቃ ውሃና የግማሽ ቀን ወረፋ ያስገኙት ጥቅም ይህ ነው፤ ከዚህ የረከሰ ግዢ በገበያ አይገኝም።

በሰፈሩ የተወራው ግን ሌላ ነው። ሃምሳ አለቃ ከአጥራቸው ሥር ተቀምጠው ሳሉ፣ ከወዲያ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰሙ።

«አርጅተዋል መሰለኝ፤ እጃቸው ነጥፏል። ድሮ ቀብተው፣ አስረው፣ በአምስት ደቂቃ ነበር የሚሸኙን። አሁን ውሃ አፍስሰው ሂዱ ይላሉ።»

«እውነትሽን ነው። ደግሞስ ያቺን ልጅ ያዳናት የክሊኒኩ ቅባት ነው፤ እሳቸው ምን ሠሩ?»

ጥፋት ሠርተው ሳሉ እጃቸው ተስሞ ተመርቀዋል፤ ደግ በሠሩ ቀን ታሙ። ድሮ ቢሆን ተነሥተው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይመልሱ ነበር። አሁን ግን ተቀምጠው አደመጡ፤ ሴቶቹ ወሬያቸውን ጨርሰው እስኪሄዱ ጠበቁ። ከዚያም ተነሥተው በሩን ከፈቱና አንደኛዋን በስሟ ጠሩ።

«ኬሪያ፣ እውነትሽን ነው፤ ያዳናት ክሊኒኩ ነው» አሏት። «ይህንኑ ለሰፈሩ ሁሉ ንገሪልኝ። ወደ እኔ አትምጡ፣ በየቤታችሁ ውሃ አፍስሳችሁ ወደዚያ ሂዱ ይላሉ በይ። የድሮውን የሚያነሣ ቢኖር ግን የጎረቤቴን ልጅ ቀኝ እጅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብለውኛል በይ። ስሟ ዋሪስ ነው፤ ደምበል ትኖራለች፤ ያላመነ ሄዶ ይይ።»

ኬሪያ ነጠላዋን እየሳበች ቆመች። ከዚያን ቀን ወዲህ የሃምሳ አለቃን በር ልጅ ይዞ ያንኳኳ ሰው የለም።